አልቆም ያለው ፑዲንግ

[የምግብ ቤት ጓዳ። ፑዲንግ ሠሪው የማያውቀው ነገር ስለሌለ “ሊቁ” ይሉታል። ድስት አጣቢዋ ደግሞ ነገር እስኪገባቸው ቀን ስለሚመሽ “እትዬ ቀስታ” ናቸው። የዛሬ እንግዶች ፑዲንግ የሚያረጋውን፣ ከአጥንት የሚወጣውን ጄላቲን አይበሉም። ባለቤቱ፣ ፑዲንጉ ሳህን ላይ ካልቆመ ሊቁ ከነገ ጀምሮ ሽንኩርት ላጭ እንደሚሆን ተናግረዋል።]

ሊቁ: ነገርኩዎት እትዬ፤ ይሄ ዱቄት አጋር ይባላል። ከባሕር ሣር ነው የሚወጣው። ጄላቲንን ያስንቃል።

እትዬ: ታዲያ ምነው እንደ ወንዝ ፈሰሰ?

ሊቁ: አልፈሰሰም፤ እያሰበ ነው።

እትዬ: ከጠዋት ጀምሮ? ደግሞ እኔን ቀርፋፋ ይሉኛል።

ሊቁ: ልክ እንደ ጄላቲኑ ለብ ባለ ወተት በጥብጬ ፍሪጅ ከተትኩት። ዱቄቱ አንሶት ይሆናል።

[ሦስት ማንኪያ ጨመረ። ያው ውሃ ነው። ሦስት ደገመ።]

እትዬ: አፍልተኸዋል ግን?

ሊቁ: ፑዲንግ የሚቆመው በብርድ ነው። በእሳት ሲቆም የት አዩ?

እትዬ: እኔ ምን አውቃለሁ፤ የማውቀው ድስት ነው።

ሊቁ: እንግዲያው ይድፉትና ድስቱን ይጠቡት። ሌላ ወተት ላምጣ።

[ወጣ። እትዬ ያንን ሁሉ ወተት መድፋት አንጀታቸው አልቻለም። ትኩስ ትኩሱን ልጠጣው ብለው ጣዱት፤ ተንተከተከ። አውርደው ሳህን ሲያጥቡ ረሱት። ሊቁ ሲመለስ ድስቱ ውስጥ ያለው ድርቅ ብሏል። በማንኪያ ቢመታው ማንኪያው ነጠረ።]

ሊቁ: ምን አደረጉብኝ?

እትዬ: ልጠጣው ነበር፤ አሁን ግን ቢላ ይፈልጋል።

ሊቁ: ይሄንን የጫማ ሶል ነው ለእንግዳ የማቀርበው? አለቀልኝ።

[ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ።]

እትዬ: ዱቄቱ እኮ በዝቶበት ነው ልጄ። እሳት ያላስለቀቀው ነገር አላየሁም። ወተት ጨምሬ መልሼ ላፍላው። እንዳይሻክር ደግሞ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ጣል ላድርግበት።

[አፍልተው በየኩባያው ቀዱት። ፍሪጅ ሳይገባ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ሳህን ላይ ቢገለብጡት ተንቀጠቀጠ እንጂ አልፈሰሰም። ባለቤቱ ገቡ። ቀመሱ፤ ደገሙ። ማን እንደሠራው ሲጠይቁ ሊቁ ሽርጡን ከፊቱ ላይ አወረደና ደረቱን ነፋ።]

ሊቁ: እኔ ነኛ።

[ባለቤቱ ደስ አላቸው። አሥር እንግዳ ተጨምሯል፤ በል እዚሁ ፊቴ ድገመው አሉት። ሊቁ ዱቄቱን አየ፣ እሳቱን አየ። ከዚያ ነጭ ኮፍያውን አውልቆ እትዬ ራስ ላይ ደፋና እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ድስት ማጠቢያው ሄደ። ባለቤቱ ወዴት ነው አሉት።]

ሊቁ: ትምህርት ቤት፣ ጌታዬ። አንደኛ ክፍል እዚህ ጋ ነው።