ሰው ሳያየው ያረጀው ምድጃዬ

«ገና ይቀረዋል» እያለ ሥራውን ከሚደብቅ ሰው፣ ጭራሽ ያልሠራ ሰነፍ ይሻላል! አትቆጡ፣ የምሰድበው ራሴን ነው።

የከሰል ምድጃ ፈጥሬያለሁ። ሳቁ እንጂ... ባለቤቴም ስቃለች። አመዱ ከሥር በመሳቢያ የሚወጣ፣ ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ ነው። ምኞቴም አንዲት ብቻ ነበረች፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ «ይሄን የፈጠረው እሱ ነው» እንዲባልልኝ።

የሚሠሩልኝ ምን አለሽ ተራ ያሉት ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጋሼ ሸምሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ናሙና ሲያሳዩኝ ፊቴን አጨማደድኩ።

«አልደረሰም ጋሼ።»

«አይነድም?»

«ይነዳል።»

«ድስት አይሸከምም?»

«ይሸከማል።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ውበት!»

ጋሼ ሸምሱ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ መዶሻቸውን አነሱ።

የሁለተኛው እጀታ ወፈረብኝ። የሦስተኛው መሳቢያ ጮኸብኝ። በአራተኛው ምንም እንከን አጣሁ፤ ግን እንከን መፈለግ ሱስ ሆኖብኝ ነበርና «ሆዱ ሰፋ» አልኩ። ለሰው ላሳየው? ሰው ምን ይለኛል! ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል፣ ያልወደድኩትን ሁሉ «ይጣል» እያልኩ እዚያው ትቼ እሄዳለሁ። ልብ በሉልኝ... የዛገ ሚስማር ተቃንቶ በሚሸጥበት ምን አለሽ ተራ ነው «ይጣል» የምለው!

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛውን ልረከብ ስሄድ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ተሸካሚ ሃያ ምድጃ ደራርቦ አለፈኝ። ሁሉም መሳቢያ አላቸው! እየሮጥኩ ጋሼ ሸምሱ ዘንድ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ተዘረፍን!»

«ማን ዘረፈህ? ይጣል ያልከውን አንዲት ሴት ወሰደች፤ በማግስቱ ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። አሁን ተራው ሁሉ እሱን ነው የሚቀጠቅጠው።»

«በማን ስም?»

«የሸምሱ ምድጃ ይሉታል» አሉ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍሩ።

ደሜ ፈላ! ዘጠነኛውን አንስቼ መንገድ ላይ ወጣሁና መጀመሪያ ላገኘኋቸው እናት አሳየሁ። አገላብጠው አዩት፤ መሳቢያውን ሳቡት፤ ከዚያ በትዝብት አዩኝ።

«ልጄ፣ የሸምሱን አይደል እንዴ የኮረጅከው? የሰው ልፋት መቅዳት አይከብድህም?»

ምስክሬ ጋሼ ሸምሱ ተከትለውኝ ወጥተው ከኋላዬ ቆመዋልና በተስፋ ዞሬ አየኋቸው።

«ይተዉት እትዬ፣ አይቆጡት» አሉ ጋሼ ሸምሱ፤ «ገና እየተማረ ነው።»