ማሰሪያ ያጣችው የደረጀ ጀልባ

ላስ ቬጋስ ለሚቆም ነገር የምትራራ ከተማ ናት። መተኛት ያስከፍላል፣ መብላት ያስከፍላል፣ መጫወትማ ኪስ ያራቁታል፤ መኪና ማቆም ግን በነጻ ነው። ደጃፉ ድረስ ነድተው ቢመጡ እንደ እኔ ቀይ ሰደርያ የለበሰ ሰው እየሮጠ ቁልፉን ከእጅዎ ይቀበላል። እንጀራዬ ይኸው ነው፤ የሰው መኪና ማቆም። ስለዚህ በዚህ ከተማ "ማቆሚያ አጣሁ" የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጠጥቷል ብዬ ነው።

ደረጀ ግን አይጠጣም። ያጣውም የጀልባ ማቆሚያ ነው።

"በበረሃ ደግሞ የምን ጀልባ?" እንዳትሉኝ። ሄንደርሰን የምትባለውን ጎረቤት ከተማ አልፋችሁ ትንሽ ስትነዱ፣ ዛፍ የሚባል በዞረበት ያልዞረ ተራራ መሃል፣ ሌክ ሚድ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ሐይቅ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ስለነበር፣ እንቅልፍ እያታለለኝ መስሎኝ ዓይኔን አሸሁ። ጎህ ሲቀድ ውሃውና ሰማዩ አንድ ቀለም ይሆኑና የቱ ከላይ የቱ ከታች እንደሆነ ለመለየት ወፍ እስክታልፍ መጠበቅ አለባችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ የማይረባ ሐሳብ የማያስብ ሰው የለም።

ደረጀ ያሰበው እዚያ መኖርን ነበር። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው ነው፤ ውሃ አያስፈራውም። ሥራው የቤት ማቀዝቀዣ መጠገን ሲሆን፣ ደንበኛው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ወደ ልጃቸው አገር ሲሄዱ አሮጌ የመኖሪያ ጀልባቸውን "አንተ ትጠግናታለህ" ብለው ጥለውለት ሄዱ። መኝታ ቤት አላት፣ ምድጃ አላት፣ ጣራዋ ላይ ልብስ ማስጫ ሳይቀር አላት። የአፓርታማቸው ኪራይ ደግሞ በየዓመቱ እንደ ልጅ ያድግ ነበር። ባለቤቱ ጽጌ ነገሩን ስትሰማ "እኔ እኮ ኖኅን አላገባሁም" አለች። ግን የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ አደረች፤ ጠዋት ስትነሳ አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ማለት ይኼ ነው።

ጀልባ ማግኘት ቀላል ነው ለካ። ማሰር ነው ጭንቁ። ጀልባዎች የሚታሰሩበት የእንጨት መረማመጃ አለ፤ ዶክ ይሉታል። ዶኩ ሞልቷል፣ ወረፋው ማለቂያ የለውም፣ ወረፋው ቢደርስም ቦታው የተሠራው ቅዳሜና እሑድ መጥቶ ቢራውን ጠጥቶ ለሚሄድ ሰው ነው። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ፣ ምስር ወጥ እየሠራ፣ ካልሲ እያሰጣ የሚኖር ሰው ግን "ደንቡ አይፈቅድም" ይባላል። የሚፈቀደው ከዳር ራቅ ብሎ፣ ውሃው ወደ ተራራው በሚገባበት ሰርጥ መልህቅ ጥሎ መሰንበት ነው። እሱም ጊዜ አለው። ጊዜው ሲያልቅ ወደ ሌላ ሰርጥ። እዚያም ሲያልቅ ወደ ሌላ። ትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት "ቤታችሁን ሳሉ" ስትባል ጀልባዋን አሳምራ ትስልና ከኋላ ያለውን ተራራ ትተወዋለች። አስተማሪዋ "ለምን ባዶ ሆነ?" ብትላት "የትኛውን ላድርገው?" አለቻት አሉ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረጀ ያገኘውን ሰው ሁሉ እጁን ይዞ "ቦታ ከሰማህ ንገረኝ" ይላል። ታክሲ ነጂውንም፣ የቁማር ቤት ካርታ አከፋፋዩንም፣ ዲያቆኑንም ጭምር። እኛም መሳቁን ያዝነው። መኪና የማቆም ሰውዬ ነኝና ደረጀ በእኔ ላይ ደግሞ በረታ፤ "አንድ ጀልባ ፓርክ ማድረግ እንዴት ያቅትሃል?" እያለ። ከሱዳን በስደት መጥተው እዚህ የሸበቱት ሽማግሌያችን ጋሽ ዘለቀ ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ ቤት ማለት ሰው የሚያንኳኳው በር ነው። ያንተን ለማንኳኳት ዋና መማር ሊኖርብን ነው" አሉት። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እቤቴ ስልክ ተደወለ። የደረጀ ወንድም ነው፣ ከጎንደር። ሞባይል ገና በየሰው እጅ ያልገባበት ዘመን ነው፤ ጀልባዋም ስልክ ስለሌላት ለደረጀ የሚደወለው ለእኔ ነው። እናታቸው እማማ ውዴ አርፈዋል። "አደራ፣ እንደ ሥርዓቱ አርዱት" ብሎ አልቅሶ ዘጋ።

እንደ ሥርዓቱ! ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የእናቱን ሞት በሥራ ቦታ፣ በቁማር ማሽን ጩኸት መሃል አይረዳም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ከቤቱ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳል። በሩ የት ነው? ያለፈው ሳምንት የነበረበት ሰርጥ ጊዜው አልቆ ተነስቷል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ደግሞ ደረጀ እሑድ ጠዋት በትንሿ ጀልባው ወደ ወደቡ መጥቶ፣ ከሕዝብ ስልኩ ወደ ጎንደር ሳይደውል ቤተ ክርስቲያን አይመጣም። ከደወለ አንዱ የጎረቤት ልጅ አንስቶ "ነፍስ ይማር" ይለዋል። ሰው ሳይደግፈው፣ ስልክ እንደያዘ፣ ብቻውን።

እሑድ ሳይነጋ ወደቡ ላይ ተሰበሰብን። ያን ሰልፍ ብታዩት! ግማሹ ከሺፍት እንደወጣ ነው የመጣው። ካርታ አከፋፋዩ የቢራቢሮ ክራቫቱን አልፈታም፣ ሴቶቹ በሆቴል ዩኒፎርማቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፣ ቢጫ ታክሲዎች ተደርድረዋል። የወደቡ ኃላፊ ዶሪስ የምትባል ሴትዮ ናት፤ ደረጀን ደጋግማ "ደንቡ አይፈቅድም" ያለችው እሷ ናት። ቡናዋን እንደያዘች ወጥታ አየችንና ሠርገኞች መስለናት "ጀልባ የተከራያችሁት በስንት ሰዓት ነው?" አለች። ነገሩን አስረዳኋት።

"ታዲያ ፔጀር የለውም?" አለች፤ ኪስ ውስጥ እየጮኸ "ደውል" የሚለውን ዕቃ ማለቷ ነው።

ተረጎምኩት። ጋሽ ዘለቀ ቆባቸውን አወለቁና "ሞት በኪስ አይጮህም በላት" አሉኝ። እሱንም ተረጎምኩ፤ እንዴት እንደተረጎምኩት እግዜር ይወቀው። ዶሪስ ቡናዋን አስቀመጠች። ከዚያ የራሷን የሞተር ጀልባ ቁልፍ አመጣችና "ስድስት ሰው ብቻ፣ ሽማግሌው ከፊት" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ እስከዛሬም እንደ ሕልም ነው። ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቷል። ተራሮቹ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ የበርበሬ ቀለም ሆኑ። በየሰርጡ እየገባን እንወጣለን። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰው እንባቸውን ይዘዋል፣ ከመርዶ በፊት አይለቀስምና። ወደሚቀጥለው ሰርጥ በገባን ቁጥር "አይኑርበት" እያልኩ ለራሴ እጸልይ ነበር። ካልተገኘ እናቱ የማይሞቱ መስሎኝ።

ተገኘ። ጀልባዋ ከአንድ ቀይ ገደል ሥር ቆማለች፤ የልጆቹ ልብስ ጣራዋ ላይ ተሰጥቷል። ደረጀ ሊደውል ለመውጣት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ። የወደቡን ኃላፊ ከነጀልባዋ አየ፤ ከጎኗ እኔን አየ። ፊቱ ሁሉ በራ።

"ጽጌ! ነይ ውጪ! ቦታ ተገኘ መሰለኝ!" ብሎ ጮኸ።

እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ምነው ምድር ወይም ውሃው በዋጠኝ አልኩ። እጁን እያውለበለበ ገመድ ሊወረውርልን ጎንበስ አለ። ሲቃና ጋሽ ዘለቀን አየ። ቆባቸው በእጃቸው ነው። ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየ። ገመዱ ከእጁ ወጥቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

"እማዬ ናት?" አለ።

"እማማ ውዴ ናቸው፣ ልጄ" አሉት ጋሽ ዘለቀ።

በሰርጡ ውስጥ የተለቀቀው ልቅሶ ገደሉን እየመታ ሲመለስ ሌላ መንደር ከወዲያ ማዶ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ደረጀን ሁለት ሰው ደግፎ ያዘው። ዶሪስ የሞተር ጀልባዋን መሪ ይዛ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

ቀጥሎ ሌላ ችግር መጣ። ልቅሶ ደራሹ ወደብ ላይ ቀርቷል። ሐዘንተኛ ደግሞ ሰው ሊደርስለት የሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ዶሪስ ራሷ የደረጀን ጀልባ ጎትታ ወስዳ ለእንግዶች የሚተወው የዶኩ ጫፍ ላይ አሰረቻት። እስከ ምሳ ሰዓት ዶኩ በወንበር ሞላ፤ ከመኪናዎቹ ውስጥ ድስት በድስት ላይ ወረደ። አሳ አስጋሪ አሜሪካውያን ሳይቀሩ ኮፍያቸውን እያወለቁ አለፉ።

ወደ ማታ ገደማ ዶሪስ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ይሄ ሐዘናችሁ ምን ያህል ጊዜ ነው የሚቆየው? መዝገቤ ላይ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ" አለችኝ። እኔ ሠልስቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሦስት ቀን ልል ነው።

ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ያዙኝ። ለመንጃ ፈቃድም፣ ለሐኪምም፣ ሱቅ ለመሄድም እኔን ካላስተረጎሙ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ የማይወጣቸው ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩላት፤ ሠልስቱን፣ ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁን፣ ሙት ዓመቱን። የመጨረሻዋን ጣታቸውን ሲያጥፉ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣

"ሰቨን ይርስ" አሏት።

ሐሰት አይደለም፤ የሰባት ዓመት ተዝካር አለብን። ዶሪስ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ዶኩ ላይ የተደረደረውን ሰው፣ የሚያለቅሱትን ሴቶች፣ እናታቸው ጉልበት ላይ የተኙትን ሁለቱን ልጆች አየች። ወደ ቢሮዋ ሄዳ ስትመለስ ወፍራም ገመድ ተሸክማ ነበር፤ የቆየውን ቀጭኑን ፈታ ለደረጀ አዲሱን ሰጠችው።

ደረጀ ተነስቶ ገመዱን በብረቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመና ሲያጠብቀው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ከዋለው ይልቅ ያን ጊዜ ጮኾ አለቀሰ። ለእናቱ ይሁን ለቦታው አላወቅንም፤ እኛም አብረነው አለቀስን እንጂ አልጠየቅነውም።