ሦስት ጀርባ ያለው ፕሮግራም

[ጅማ አጠገብ ያለችው የቡ ከተማ፤ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ፤ ጠዋት። ከቢሮው አጠገብ ባለው አዳራሽ አባላቱ ለጉባኤ ተሰብስበዋል። ከጅማ የመጣው ወጣቱ የሶፍትዌር ባለሙያ ፍሬዘር ኮምፒውተር ላይ ተደፍቷል። የማኅበሩ የሚዛን ሠራተኛ ጋሽ ገመቹ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።]

ገመቹ፦ አይሆንም! አንድ ነገር ሦስት ጀርባ ሊኖረው አይችልም።

ፍሬዘር፦ አለው አልኩዎት እኮ! ራሴ ነኝ የሠራሁት።

ገመቹ፦ ታዲያ ሲተኛ በየትኛው ነው የሚተኛው?

ፍሬዘር፦ አይተኛም ጋሽ ገመቹ! ፕሮግራም ነው። ጀርባ ያልኩት ከኋላ ሆኖ ሥራውን የሚሠራውን ክፍል ነው። እንዴት ላስረዳዎት... ይሄ ፕሮግራም ገበሬው እሸት ቡናውን የሚያመጣበትን ተራ ይመዘግባል፣ አይደል?

ገመቹ፦ እሱማ ጥሩ ነው። አምና በር ላይ በተራ ስንጨቃጨቅ የስንቱ እሸት ጆንያ ውስጥ ሻገተ!

ፍሬዘር፦ ለመመዝገብ መስኮት ያስፈልገዋል። ስክሪኑ ላይ የሚከፈተው፣ ስም የሚጻፍበት አራት ማዕዘን፤ እሱን ነው መስኮት የምንለው። መስኮቱን የሚሥለው ላይብረሪ ደግሞ የኔ ነው።

ገመቹ፦ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ላይብረሪ ያንተ ነው? አጃኢባ! በዚህ ዕድሜህ?

ፍሬዘር፦ የመጽሐፍ አይደለም፣ የኮድ ላይብረሪ! ፕሮግራም የሚገለገልበት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው። ማኅበራችሁ ሦስት ኮምፒውተር አለው። ሦስቱም መስኮት የሚከፍቱበት ሥርዓት ለየቅል ነው። አንዱ የሚገባው ለሌላው አይገባውም። ስለዚህ ለያንዳንዱ ሥርዓት አንድ አንድ ጀርባ ሠራሁ። ፕሮግራሙ ያው አንድ ነው፤ ጀርባው ብቻ ይቀያየራል።

ገመቹ፦ ሃዬ፣ አሁን ገባኝ። እኔም ሚዛን ላይ ስቆም አንዱን በአፋን ኦሮሞ፣ አንዱን በአማርኛ፣ ከዳውሮ የመጣውን ደግሞ በእጄ ነው የማናግረው። ሚዛኑ ግን አንድ ነው።

ፍሬዘር፦ እንደሱ ቀላል አይደለም! አራት ወር ነው የፈጀብኝ።

ገመቹ፦ እኔስ? ዳውሮኛ ስንት ዓመት ሞክሬ እምቢ ብሎኛል። ግን በየትኛው ጀርባ እንደሚሠራ በምን ያውቃል?

ፍሬዘር፦ ሲነሳ ሦስቱንም ሥርዓቶች ይጠራል። ቀድሞ "አቤት" ያለው ላይ መስኮቱን ይከፍታል።

ገመቹ፦ ሁለቱ አቤት ቢሉስ?

ፍሬዘር፦ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለተኛው ከየት ይመጣል?

ገመቹ፦ [ከኮምፒውተሩ ኋላ የወጣውን ገመድ እያዩ] ይሄስ?

ፍሬዘር፦ እሱ አዳራሹ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ነው። በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለአባላቱ ላሳይ ጠዋት የሰካሁት። መጀመሪያ ግን እዚህ ልሞክረው። [ቁልፍ ይጫናል] ተነሳ! ... የታለ?

ገመቹ፦ ምን ይላል?

ፍሬዘር፦ "መስኮት ተከፍቷል" ይላል። ውሸታም! ስክሪኑ ባዶ ነው። [ደግሞ ይጫናል] "መስኮት ተከፍቷል።" የቱ ጋ?

[ከአዳራሹ ጉርምርምታ ይሰማል። ገመቹ በበሩ አንገታቸውን አውጥተው ወደ አዳራሹ ያያሉ።]

ገመቹ፦ ፍሬዘር፣ መስኮቱ እኮ ተከፍቷል።

ፍሬዘር፦ በረደዎት? ይዝጉታ።

ገመቹ፦ የዚህን ቤት አይደለም፣ የአዳራሹን ነው የምልህ።

ፍሬዘር፦ ይከፈት! ሁለት መቶ ሰው የታጨቀበት ነው፣ አየር ያግኙ። [ይጫናል፤ ደግሞ ይጫናል]

ገመቹ፦ አሁን አራት ሆነ።

ፍሬዘር፦ አራት ሰዓት?! ጉድ ፈላ! በአራት ሰዓት አሳያለሁ ብያቸው ነበር!

ገመቹ፦ ሰዓቱን አይደለም፣ መስኮቱን! ግድግዳው ላይ አራት...

ፍሬዘር፦ ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ ገመቹ፣ የቤት መስኮት በኋላ እንቆጥራለን! ይሄ ካልሠራ ዘንድሮም በር ላይ ልትጨቃጨቁ ነው። እኔም ጅማ፣ ጊንጆ ስመለስ የሰፈሩ መሳቂያ ነኝ። ጓደኞቼ ሁሉ "ተሠርቶ ያለቀ ላይብረሪ ሞልቶ ለምን አዲስ ትሠራለህ?" ሲሉኝ አልሰማም ብዬ ነው።

ገመቹ፦ [ራርተው አጠገቡ ይቀመጣሉ] አይዞህ። ምን ልርዳህ?

ፍሬዘር፦ መስኮቱ ባይታይም ውስጡ መሥራቱን ልፈትሽ። በዚህ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ገጽ በኩል ስም ልስጠው። ማንን ልመዝግብ?

ገመቹ፦ ሊቀመንበራችንን፣ አቶ ሙርሺድን።

ፍሬዘር፦ በማለዳ በር ላይ በወሬ ያቆሙኝን? [ፈገግ ብሎ ይጽፋል] "አቶ ሙርሺድ። ተራ፦ ከሁሉም መጨረሻ።" ምክንያት ይላል... "ንግግር ስለሚያበዙ።"

[ከአዳራሹ ሳቅ ይፈነዳል።]

ገመቹ፦ [ብድግ ብለው] ኧረ አጥፋው! ሰው ያየዋል!

ፍሬዘር፦ እኔ የሠራሁት ማየት ያቃተኝን ማን ያየዋል? ይኸው "ተቀብያለሁ" ብሏል። ልጨምርለት። [ይጽፋል] "ስብሰባውን ቶሎ ከጨረሱ ተራቸው ይሻሻላል።"

[ሳቅና ጭብጨባ።]

ፍሬዘር፦ ምን እንዲህ ያስቃቸዋል? አቶ ሙርሺድ ቀልድ ያውቃሉ እንዴ?

ገመቹ፦ የዛሬው ቀልድ የሳቸው አይደለም። ቆይ፣ መጣሁ! [ሮጠው ይወጣሉ]

ፍሬዘር፦ [ብቻውን፤ ኮዱን ሲያገላብጥ ቆይቶ] ሦስት ጀርባ ሠርቼ አንዱ እንኳን... [ገመዱን ያያል። ስክሪኑን ያያል። እንደገና ገመዱን ያያል።] ወይኔ! አቤት ያለው አዳራሹ ነው! [ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል ከገመቹ ጋር በር ላይ ይጋጫል]

ገመቹ፦ ወዴት ነው?

ፍሬዘር፦ ወደ ጅማ። በጓሮ በኩል ባጃጅ ይገኛል?

ገመቹ፦ ተቀመጥ። ነገሩ አልቋል።

ፍሬዘር፦ ያለቀልኝስ እኔ ነኝ!

ገመቹ፦ ድምፅ ተሰጠበት እኮ ነው የምልህ። በሙሉ ድምፅ ተቀበሉት! "ሊቀመንበር መጨረሻ የሚያሰልፍ ነገር በዕድሜያችን አይተን አናውቅም፤ ይሄ ለማንም አያዳላም" አሉ።

ፍሬዘር፦ አቶ ሙርሺድስ?

ገመቹ፦ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ኋላ ሳቁ ሲበዛ እሳቸውም ሳቁ። "ስሜም ልክ ነው፣ ምክንያቱም ልክ ነው" አሉና ንግግራቸውን አቋርጠው ቁጭ።

ፍሬዘር፦ [ትንፋሹን ይለቃል] እግዚአብሔር ይመስገን! በሉ እንሂድ፣ አሠራሩን ላስረዳቸው። በጣም ረቂቅ ስለሆነ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ገመቹ፦ አስረድቻቸዋለሁ።

ፍሬዘር፦ እርስዎ?! ምን ብለው?

ገመቹ፦ በአፋን ኦሮሞ ነዋ። "ሦስት ቋንቋ የሚችል መልእክተኛ ነው፤ ይጣራል፤ ቀድሞ የመለሰለት ቤት ይገባል። ዛሬ እናንተ ቀድማችሁ መለሳችሁለት" አልኳቸው። ገባቸው። ሀጂራ የምትባል አባላችን ተነስታ "ታዲያ መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን፣ እሱ ዝም ካለ ሩቅ ያለውን ቢጠራ አይሻልም?" ስትል ጠየቀች።

ፍሬዘር፦ [ቁጭ ብሎ አንድ መስመር ይቀይራል። ይጫናል። መስኮቱ ፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ይከፈታል።] ... እውነቷን ነው።

ገመቹ፦ እኔማ "ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ" ብዬ ቃል ገባሁላት። እንዴት እንዳጨበጨቡልኝ! የሠራሁት እኔ መስያቸዋለሁ መሰለኝ።

ፍሬዘር፦ እና እኔ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም?

ገመቹ፦ ጠይቀዋል እንጂ። "ጎበዝ ልጅ ነው፤ እኔ ዘንድ እየተለማመደ ነው" አልኳቸው።