ከጌም ሱቅ የተገዛ ዕርቅ

ድሮ ሰው ሱቅ የሚሄደው ሊጠይቅ ነበር። ስኳር አለ? ሳሙና አለ? አለ ወይም የለም ይባልና ነገሩ ያልቃል። እዚህ ስቶክሆልም ግን ጠያቂው ሱቁ ሆኗል። ካልሲ ልግዛ ብላችሁ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን፣ ኢሜይላችሁን፣ የተወለዳችሁበትን ቀን ዘክዝካችሁ ትወጣላችሁ። ለካልሲ!

ከሁሉ የሚብሰው መሃል ከተማ ያለው የጌም ሱቅ ነው። በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ስላለው ይሁን እንጃ፣ ሻጮቹን እንደ ኬላ ፈታሽ ነው የሚያደርጋቸው። አንተን እዚያ ምን ወሰደህ አትሉኝም? ጌም የምጫወት ሰው አይደለሁም፤ ቀኑን ሙሉ የአረጋውያን በር እያንኳኳሁ መድኃኒት የማስውጥ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ነኝ። የወሰደኝ ዕርቅ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘሐራ፣ ፈረቃዬን አላስቀይርም ብዬ ከአባታችን ሰደቃ ከቀረሁ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፋኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ ግን ሞቴ ነው። ስለዚህ ለኢድ፣ ልጇ ሰልማ የምትመኘውን ጌም ይዤ እነሱ ወደሚኖሩበት ኡፕላንድስ ቬስቢ ልሄድ ወሰንኩ። ስጦታው ይናገርልኛላ!

ሳጥኑን ከመደርደሪያው አንስቼ ለሻጯ ሰጠኋት። "ሜድሌም ነህ?" አለችኝ፤ አባል ነህ ወይ ማለቷ ነው። አይደለሁም። ልመዝግብህ? አትመዝግቢኝ። ሲዲው ቢጫጫር ዋስትና? አልፈልግም። በሚቀጥለው ወር የሚወጣውን ከአሁኑ ላስይዝልህ? እኔ የሚቀጥለውን ወር ፈረቃዬን እንኳ አላውቅ! "እሺ፣ ስልክ ቁጥርህን ብቻ" ስትል ፈነዳሁ። "ምነው እህት፣ ልታገቢኝ ነው እንዴ?" ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷም ፊቷ ቀልቶ፣ እየተቻኮለች ሳጥኑን ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የኢድ ዕለት እትዬ ዘሐራ በሩን ከፈተችልኝ፤ በኢድ እንግዳ አይመለስማ። ሰልማ መጠቅለያውን ልትቦጫጭቀው ስትል እናቷ በዓይኗ ገሠጸቻት። በኛ ቤት ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም፣ ስግብግብ ያሰኛል። ልጅቷ በስዊድንኛ እያጉረመረመች አስቀመጠችው። በሳምንቱ ብደውል እህቴ ስልኩን አነሳች። "ሰልማ ከጌሙ አትነሳም፤ እናመሰግናለን" አለችኝ። ቁጥብ ብላ ነው፤ ግን አነሳች። እኔም በሆዴ "ጎበዝ!" አልኩ ራሴን።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ጌም ልጨምርላት ብዬ እዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ሻጯ ገና ስታየኝ አወቀችኝ። ምንም ሳልናገር መሳቢያ ከፍታ አንድ ሲዲ አወጣች። "መደርደሪያው ላይ ያሉት ሌባ ፈርተን የምንደረድራቸው ባዶ ሳጥኖች ናቸው" አለችኝ። "ያን ቀን ስንጨቃጨቅ ሲዲውን ሳልጨምርልህ ቀረሁ። እንዳልደውልልህ ስልክህን ከልክለኸኛል።"

ክው አልኩ። ታዲያ ሰልማ ሁለት ወር ሙሉ የተጫወተችው ምኑን ነው?

ሲዲውን ኪሴ ከትቼ በቀጥታ ቬስቢ። እትዬ ዘሐራ በሩ ላይ እንደቆመች ከኪሴ ያወጣሁትን ሲዲ አየችውና፣ ሳሎን ወደምትጫወተው ልጇ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ልጅቷ ሳትነካው ቀድሜ ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። በማግስቱ ገዝቼ ከተትኩበትና ሰጠኋት።"

"ሆን ብዬ ያደረግሁት መሰለሽ?"

"አዎ፣ መስሎኛል። ግን ልጄ አጎቷን እንዲህ አድርጋ እንድታውቀው አልፈለግሁም።"

አያችሁልኝ ጉዴን! እኔ አንዲት ምስኪን ሻጭ በሰው ፊት አሳፍሬ ስኩራራ፣ የሰደብኳት የመሰላት እህቴ በገዛ ኪሷ ስሜን ስትጠብቅልኝ ከርማለች። አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሞቴ ነው ያልኩት ነገር ያኔ ካፌ ወጣ።

"እትዬ፣ ከአባባ ሰደቃ መቅረቴ ጥፋት ነው። ይቅርታ፣ አውፍ በይኝ።"

"አውፍማ ሲዲውን የገዛሁ ቀን ብዬሃለሁ" አለችኝ። "ግባ፣ ብርድ አታስገባብን።"