ጋሽ ሀብቶም ጎልፍ ሜዳ የገቡ ዕለት

በእኛ ጊዜ አርአያ የሚባለው ሰው ሰፈር ውስጥ ነበር የሚኖረው። የእኔ አርአያ የሰፈራችን ቡድን በረኛ ነበር፤ ሻምበል እንለው ነበር፣ ወታደር ሆኖ ግን አያውቅም። ጠዋት ዳቦ ሲገዛ ከኋላው እሰለፋለሁ። ማልያው ታጥቦ አጥር ላይ ሲሰጣ ቆሜ አያለሁ። እናቱ «አንተ እንቅልፋም!» ብላ በአደባባይ ስትሰድበው ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያደነቅኩት፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ ባላውቅ ኖሮ እንደዚያ የማደንቀው አይመስለኝም። እሑድ ኳስ ይዞ ሲወድቅ አቧራው እኛ ላይ ነው የሚቦነው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ትውውቅ አለ?

የዛሬ ልጆች አርአያ ግን ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይፈልጋል። እዚህ ፍራንክፈርት ቴርሚን ከሌለህ የጥርስ ሐኪምም፣ ፀጉር አስተካካይም፣ ጓደኛም አታገኝም፤ አርአያ ለብቻው በምን ይለያል? ልጄ ሜሮን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። እሑድ የልጆች ቀን ተዘጋጅቷል፤ አንዲት ፕሮፌሽናል የጎልፍ ተጫዋች ከልጆች ጋር ትተዋወቃለች፤ ወላጆች እንዲመጡ ተጋብዘዋል ይላል።

አዎ፣ ጎልፍ። እኔም ስሰማ እንደ እናንተው ነው ያልኩት። ቀደም ሲል ትምህርት ቤቷ ካቀረበላት የስፖርት ዓይነት ሁሉ መርጣ የተመዘገበችው ራሷ ናት። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የምጭን ሰው ነኝ፤ ያን ረጅም የጎልፍ ቦርሳ የማውቀው በክብደቱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደስ ብሏት ስትሄድ ከርማ፣ አንድ ቀን በወላጆች ፊት እንድትመታ ተራዋ ደረሰ። ሁሉም ዝም ብሎ አያት። ወዘወዘች፤ ዱላው ኳሷን ሳይነካ በአየር አለፈ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜሮን ቅዳሜ ሲመጣ ሆዷን ያማት ጀመር። «ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል» አለችኝ በጀርመንኛ፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጠይቃት፣ እሷ በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው።

ወረቀቱን ሳይ፣ ይህቺን ሴት ካየች ልቧ ይመለሳል አልኩ። ሜዳው ግን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ እሑድ አውቶቡስ አይደርስም፤ እኔም መኪና የለኝም። ባለ መኪናው ጎረቤታችን ጋሽ ሀብቶም ናቸው። የአስመራ ልጅ ናቸው፤ አማርኛውን በትምህርት ቤት ነው የተማሩት፣ ከእኔ የተሻለ ይጽፋሉ። ዕድሜያቸውን ሆኽስት ኬሚካል ፋብሪካ ፈጅተው ጡረታ ወጥተዋል። በሰፈራችን በቦናመስ የእኛ ፎቅ ሊፍት በተበላሸ ቁጥር የአሮጊቶቹን ሁሉ ዘንቢል የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው።

«ጎልፍ? ይሁና፣ እንሂድ» አሉ። ከረባት አድርገው መጡ።

ሜዳው ምንጣፍ ነው። ልጆቹ ሣሩ ላይ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ ወላጅ ከኋላ ቆሟል። ተጫዋቿ ረዘም ያለች፣ ፊቷ ፀሐይ የጠገበ ወጣት ናት። ከኩሬው ማዶ ወዳለችው ባንዲራ ልትመታ ተዘጋጀች። ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ጸጥ።

«ምን ሆኑ? ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ሀብቶም በሹክሹክታ።

«ሲመታ ዝም ይባላል፣ ጋሼ። ሕጉ ነው።»

«እንዴ! ልጅቷ ብቻዋን ስትጨነቅ እያየን ዝም?»

ሴትየዋ ዱላዋን ወደ ላይ አነሣች። በዚያች ቅጽበት፣ ወፍ እንኳን ባልተነፈሰባት ቅጽበት፣ ከጎኔ የትግርኛ ነጎድጓድ ፈነዳ፤

«ኣጆኺ ጓለይ!»

ኳሷ ኩሬ ገባች።

ጸጥታ ዓይነት ዓይነት እንዳለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሜሮን የጃኬቷን ኮፍያ እስከ አፍንጫዋ ሳበች። «ፓይንሊሽ!» አለች፤ ስናሳፍራት የምትላት ቃል ናት፣ በቀን ብዙ ጊዜ እንሰማታለን። ባለ ባርኔጣው ወደ እኛ ገሰገሱ። ሴትየዋ ግን በእጇ አስቆመቻቸውና ራሷ መጣች። ምን እንዳሏት ጋሽ ሀብቶምን ጠየቀቻቸው። ጋሼ ፋብሪካ የተማሩት የስንት ዘመን ጀርመንኛ በአንድ ጊዜ ጥሏቸው ጠፋ። እኔ ባለ ባርኔጣውን ይቅርታ በመጠየቅ ተጠምጃለሁ።

ያኔ ከኮፍያው ሥር ድምፅ መጣ።

«አይዞሽ ልጄ ማለት ነው» አለች ሜሮን በጀርመንኛ። ቀጥላም፣ «መርፌ ስወጋ እሳቸው የሚሉኝ ነው። ስወድቅም ይሉኛል» አለቻት።

ሴትየዋ ወደ ጋሼ ዞረች። «እኔን ኳስ ስመታ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለች። ከዚያም ሜሮንን እጇን ይዛ ልጆቹ መሃል አቆመቻትና «አስተምሪያቸው» አለቻት። ልጄ ኮፍያዋን አወረደች። የራሷ ባልሆነው በትግርኛው አስተማረቻቸው። የቱርኩም፣ የጀርመኑም፣ የፖላንዱም ልጅ በአንድ ላይ «ኣጆኺ!» ሲል ሜዳው ተናወጠ። ሴትየዋ መታች።

ኳሷ አሸዋ ውስጥ ተቀበረች።

ዱላዋን ተደግፋ ሳቀች፤ ልጆቹም ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ሦስተኛዋን በጸጥታ መታቻት፤ ኳሷ ባንዲራዋ ሥር ሄዳ ተኛች። እውነቱን መደበቅ አልችልም። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሽ ሀብቶም መሪውን ይዘው አንድ ታሪክ ጀመሩ። በልጅነታቸው፣ አስመራ ብስክሌት ውድድር ያለ እሑድ፣ ዳገቱ ላይ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጠብቃል። ብስክሌተኛው ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ እየጮኹ አብረውት ይሮጣሉ። «ጎረቤታችን ነበር የሚወዳደረው። አሸንፎ አያውቅም፤ እኛ ግን ከእሱ በላይ ሰው አናውቅም። ዝም ብለን የምናሳልፈው የተጣላነውን ብቻ ነበር» አሉ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፤ ልባቸው ግን ያ ዳገት ላይ እንደነበር ድምፃቸው ይናገራል። ሜሮን ከኋላ ወንበር ፊቷን ወደፊት አስጠግታ ትሰማ ነበር። «ከዚያስ?» አለች። በአማርኛ።

የልጆቹ ቀን ዓላማ ልጆችን ጎልፍ ማስወደድ ነበር፤ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ሜሮንን «እንደዚያች ሴት መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብላት «የእንስሳት ሐኪም ነው የምሆነው» አለችኝ፣ ጥያቄው ራሱ እየገረማት። እኔም ተውኩት።

ታዲያ ከሳምንት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ሀብቶም ናቸው፤ እጃቸው ላይ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት የጎልፍ ዱላ አለ። እኔን አልፈው ሜሮንን ጠሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚያዘው? ያቺ ተጫዋች ልጅ እንቅልፍ ነሣችኝ።»

እንግዲህ ሜሮን ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዷን አያማትም። ልምምዱ ላይ እሳቸውን ብቻቸውን መተው አይቻልማ! ስትመታ ዛሬም አንዳንዴ ትስታለች፤ ግን ስለ ራሷ ለማፈር ጊዜ የላትም፣ አስተማሪ ናት። «ጋሽ ሀብቶም፣ ጉልበትዎን! ራስዎን ቀና አያድርጉ!» ትላቸዋለች፤ እኔ ዓመት ሙሉ አስተምሬ ያቃተኝን አንቱታ ማን እንዳስጠናት እንጃ። እሳቸው ደግሞ ላብ በላብ ሆነው «እሺ የኔ እመቤት» ይላሉ። ልጆች ሊማረኩበት በተጠራ ጉባኤ የተማረኩት ሰው የሰባ ዓመት ጡረተኛ ሆኑ። እኔ የሁለቱንም ጃኬት ይዤ አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ።