ድዴ ያደገብኝ ጊዜ

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማዕድ ፊት በተቀመጡ ቁጥር የሚሏት አንዲት ነገር ነበረቻቸው፦ «እግዜር አፍ የሰጠን መጀመሪያ ለምስጋና፣ ቀጥሎ ለቆሎ ነው።»

እኔ አምና ከሁለቱም ልጎድል ነበር። ማን ከለከለህ አትሉም? የገዛ ድዴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ብዛት አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን አደርስና ክኒኔን እውጣለሁ። ዘልዬ አላውቅም። ለምን መሰላችሁ? ታላቅ ወንድሜን ይኸው ደም ብዛት አውድማ ላይ ጥሎት፣ ግማሽ ጎኑ እስከ ዛሬ አልታዘዝ ብሎታል። እሱን እያየሁ ክኒን ልረሳ?

ታዲያ ውሎ አድሮ ድዴ እንደ ሊጥ ኩፍ ይል ጀመር። አያመኝም፤ ብቻ ያድጋል። ጥርሶቼን እያለበሰ ሄዶ ሄዶ፣ ከጓሳ ሣር መሀል እንደሚያጮልቅ ፍልፈል ጫፋቸው ብቻ ቀረ። ቆሎ ስቆረጥም ይደማል። ገብስ አምራቹ ሰውዬ በሶ በጥብጡልኝ ማለት ጀመርኩ። ይባስ ብሎ፣ ሰንበቴ ላይ ማዕድ ሲነሣ ጸሎቱን የማደርሰው እኔ ነኝ። ጋቢዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ሳጉተመትም፣ ማኅበርተኛው ተቀይሞናል ብሎ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነበር!

ጎረቤታችን አያ ሸዋንግዛው የበቅሎ አዋቂ ናቸው። በእኛ አገር በቅሎ ገብስ አልበላ ስትል፣ ላንቃዋ አብጧል ተብሎ በምላጭ ይበጣል። በጪው እሳቸው ናቸው። ከንፈሬን በሁለት ጣት ገልብጠው አዩና፣ «ደም ሞልቶት ነው። አንዴ ጫር ባደርግልህ፣ ማታውኑ ገብስህን ትበላለህ» አሉኝ። እኔም ሞኙ አፌን ከፍቼ ቁጭ! ምላጩን ከወረቀቱ ሲያወጡ ባለቤቴ አስካለ ደረሰች።

«አያ ሸዋንግዛው፣ ሲጨርሱ ኮርቻውንም ይጫኑልኝ! ለቀየት ገበያ እሄድበታለሁ» አለቻቸው።

እሳቸውም እየሳቁ ምላጫቸውን ከተቱ።

እኔ ግን ማሰቤን አልተውኩም። ድዱ ያበጠው ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ አይደል? እንግዲያው ክኒኑን ልተወዋ! የቀረውን እግዜር ያውቃል። ይህን ስነግራት አስካለ አልቀለደችም። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወንድምህን ሚስቱ በእጇ ስታጎርሰው አታይም? እኔንም እዚያው ልትከተኝ ነው?» አለች። እሷ ካለቀሰች እኔ ክርክር አላውቅም። በማግስቱ መኪና ተሳፍረን ሆስፒታል ሄድን።

አንዲት የማላውቃት ወጣት ሐኪም ተቀበለችኝ። አፌን አየች። ከጋቢዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ክኒን ፈትቼ ሰጠኋትና እሱንም አየች። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳድጋል አለችኝ። በሌላ ቀየረችልኝ። ጥርሴን ጠዋት ማታ እንዳጸዳ፣ ድዱም ቀስ እያለ እንደሚመለስ፣ እምቢ ካለም በወጉ የሚቆርጠው ባለሙያ እንዳለ ነገረችኝ። ተመስገን፣ መቆረጡም ሳያስፈልግ ተመለሰ። ዛሬ ቆሎዬን አደቃለሁ፤ ጸሎቴም ከሰንበቴው ቤት አልፎ ደጅ ድረስ ይሰማል።

ለአስካለ ያልነገርኳት አንድ ነገር ግን አለ። ያን ቀን እሷ ውጭ ስትጠብቀኝ፣ እኔን ኩራት ኩራት አለኝ። ሳልማር ደርሼበት የለ! «ልጄ፣ እኔም እኮ ክኒኑ መሆኑን ዐውቄ ልተወው ነበር። ብተወው ኖሮ ድዴ አይቀንስም ነበር?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ልጅቷ የምትጽፈውን ትታ ቀና ብላ አየችኝ፦

«ይቀንስልዎት ነበር እንጂ፣ አባቴ። አይተው የሚደሰቱት ግን ገናዦችዎ ነበሩ።»