በር የሌለው ሽምግልና

ሁለት ሐበሾች በተኳረፉበት ሀገር ሁሉ፣ በአምስት ማይል ዙሪያ ውስጥ አንድ አስታራቂ ይበቅላል። ማንም አይመርጠውም፣ ማንም አይልክበትም። ዝናብ ሲጥል እንጉዳይ እንደሚወጣ፣ ኩርፊያ ባለበት እሱ ይወጣል። ሐኪም በሽተኛ እስኪመጣለት፣ ዳኛም ከሳሽ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ አስታራቂ ግን የሚጠብቀው ነገር የለም። ሠርግ ቤት ተቀምጦ እንኳ የሚያየው ሙሽሮቹን ሳይሆን፣ ማን ከማን ራቅ ብሎ እንደተቀመጠ ነው።

በዋሺንግተን ዙሪያ ለምንኖረው የደረሱን ሊቀ ሽማግሌዎች ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት፣ ካፖርታቸው አንድ፤ ክረምት ከበጋ የማይለወጥ ግራጫ። «እኔ ምንም አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ» ብለው ይጀምራሉ፤ አንዱ ነገር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሄርንደን ላይ ከተፋቱ ስድስት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱም እሷም ሌላ ትዳር ይዘው በሰላም ይኖራሉ። ጋሽ ዋቅጅራ ነገሩን ዘግይተው ሰሙና አስታረቋቸው። ዕርቁ ከመጠን በላይ ስለሰመረ አዲሱ ባልና አዲሲቱ ሚስት ደነገጡ፤ እነሱን ማረጋጋት ሌላ ሁለት ወር ወሰደ። ሴቨን ኮርነርስ ላይ ደግሞ በፓርኪንግ የተጣሉ ሁለት ባለሱቆችን እንዲያ አድርገው አስማሟቸውና ሰዎቹ ሱቃቸውን ቀላቀሉ፤ በዓመቱ ሱቁ በማን ስም ይጠራ በሚል እንደገና ተጣሉ፤ እሳቸውም እንደገና አስታረቁ። ይህን እንደ ሁለት ይቆጥሩታል።

ያልሰመረላቸው አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ የክፍሌና የገብረየስ።

ክፍሌ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነው። ሀገር ቤት ሳለ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር፤ እዚህ ከመጣ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ፣ ቁምሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ቲኬት እየተቀበለ በሌላው መጽሐፍ ሲገልጥ ኖረ። ገብረየስ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳል። ከሱዳን በአንድ ወር ነው የመጡት፤ የመጀመሪያውን ክረምት በአንድ ፍራሽ ላይ አሳልፈውታል። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ቤት ቁልፍ ከሌላው ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። ከአራት ዓመት በፊት ግን የክፍሌ ሚስት ሉሊት በድንገት ሞተች፤ ገብረየስም ለቅሶ አልደረሰም። አልመጣም፣ አልደወለም፣ ሰው አልላከም።

ክፍሌ በዚያ ሰሞን ቤቱን የሞሉትን ሰዎች ስም ዛሬ ቢጠይቁት አያስታውስም። ያልመጣውን ግን በየቀኑ ያየዋል። የመጣ ሰው አንድ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ የቀረ ሰው ግን ቤቱን በሙሉ ይይዘዋል። ይህን ክፍሌ ከመጽሐፍ አላገኘውም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 መጋቢት ላይ ገብረየስ ታክሲውን ሸጦ ልጁ ዮሐና ጋ፣ ሲያትል፣ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ መጣ። ጋሽ ዋቅጅራ እንቅልፍ አጡ። የተኳረፈ ሰው ስቴት ከቀየረ ከእጅ ወጣ ማለት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ስድሳውን አልፈዋል። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክረው ነበር። በአንድ ክርስትና ላይ ፊት ለፊት ቢያስቀምጧቸው ክፍሌ ጃኬቱን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ምግብ ቤት ቢወስዷቸው እጄን ልታጠብ ብሎ በኩሽናው በር ሄደ። በሦስተኛው ገብረየስ ራሱ ከደረጃው ላይ ተመለሰ። ጋሽ ዋቅጅራ ይህን ሁሉ አውጥተው አውርደው ከአንድ ድምዳሜ ደረሱ፤ ችግሩ ከሰዎቹ አይደለም፣ ከበሩ ነው። በር የሌለው ቦታ ሲያፈላልጉ አገኙ። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ከዳር ብዙም ሳትርቅ፣ ከስድስት ሰው የማትበልጥ ቡድን ይዛ ለግማሽ ቀን ዓሣ የምታስጠምድ ጀልባ አለች። ዘንጉንም መንጠቆውንም ትሉንም ካፒቴኑ ያቀርባል። አራት ሰዓት ሙሉ የትም አይኬድም።

ለሽምግልና ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ እሳቸው፤ ሁለተኛዋ ዊተን ላይ ቅመም የሚሸጡት ወይዘሮ ካሰች፤ ሦስተኛው ካፒቴን ሮይ። ካፒቴኑ መሾሙ አልተነገረውም።

ለክፍሌ የነገሩት «ቅዳሜ ጠዋት ብቅ እላለሁ» ብለው ብቻ ነው። ጀልባዋ የምትነሣው ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ስለሆነ፣ ገና ሳይነጋ፣ አሥር ተኩል ላይ፣ ከወይዘሮ ካሰች ጋር በሩን አንኳኩ። ያን ያህል ነገር አዋቂ ሰው የዕድሜ ልክ ስሕተታቸውን የሠሩት እዚህ ላይ ነው። በጨለማ የመጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፤ አንዷ ብርድ ፈርተው ጥቁር ሻሽ ተከናንበዋል፤ ሌላው፣ ጎረቤት እንዳይነቃ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደህና አደርክ ልጄ፣ እስቲ ልብስህን ልበስ» ይላሉ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አኳኋን የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። መርዶ ነው።

«አበባ ናት?» አለ ክፍሌ። አበባ ባሕር ዳር ያለች ታላቅ እህቱ ናት።

ጋሽ ዋቅጅራ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያወለቁ ስለነበር ቶሎ አልመለሱለትም። ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደውና ግድግዳውን ተደግፎ እህቱን ያለቅስ ጀመር። ወይዘሮ ካሰች የሰው ዕንባ አይተው አያልፉም፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አብረው አለቀሱ። ከፊት ለፊት ያለው ሳልቫዶራዊ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ወንበር ይዞ መጣ። ጋሽ ዋቅጅራ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ዓሣ ለማጥመድ ነው፣ የሞተ ሰው የለም እያሉ ቢምሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። ለቅሶው የቆመው ባሕር ዳር ተደውሎ አበባ ራሷ ስልኩን ካነሣች በኋላ ነው። ምን ሆናችሁ ነው፣ ምሳ እየሠራሁ ነው አለች። ክፍሌ ከሞት የተነሣች እህቱን ድምፅ ሰምቶ በደስታ ስለፈዘዘ፣ ወዴት እንደሚሄዱ እንኳ ሳይጠይቅ መኪናው ውስጥ ገባ።

ገብረየስን ያየው ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ላይፍ ጃኬቱን ካሰረ በኋላ ነው። ከኋላ በኩል ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ጠጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። እሱም ተታሎ መምጣቱ ዞር ሲል ከፊቱ ታወቀ። ክፍሌ ለመውረድ ቢነሣ መሬቱ አንድ ክንድ ርቋል፤ ከዚያ አምስት ክንድ። ገመዱን የፈቱት ጋሽ ዋቅጅራ ራሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አፈና ነው» አለ።

«አፈና አይደለም፤ መዝናኛ ነው። ተቀመጥ» አሉት።

ካፒቴኑ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው፣ ቁጥብ ሰው ነው። ለእያንዳንዳቸው ዘንግ ሰጣቸው፣ ትሉ መንጠቆው ላይ እንዴት እንደሚሰካ አሳያቸው፤ ወይዘሮ ካሰች ትሉን አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዓሣ መለኪያ መሥመሩን አሳይቶም፣ ከዚህ ያጠረ ወደ ውኃው ይመለሳል አላቸው። ከዚያ በድንጋይ ከተካበው የወደብ ግድግዳ አጠገብ መልሕቁን ጣለ። ክፍሌ ከፊት፣ ገብረየስ ከኋላ ሆነው በአንዲት ጠባብ ጀልባ ላይ የሁለት ክፍለ ሀገር ያህል ተራራቁ።

ጋሽ ዋቅጅራ ጊዜው እንደደረሰ አውቀው ተነሡ። ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ምንም አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ» አሉ።

ያ አንድ ነገር ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን አነሣና መልሶ ጣላት፤ የሽማግሌው ፊት መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥሎ የጎመን ውኃ መሰለ። ጠርዙን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዘጋጁትን ንግግር በሙሉ ለባሕሩ ሰጡ። ለመቀመጥ ሲሞክሩ እግራቸው ከዳቸው፤ እንደገና ወደ ጠርዙ ተንጠለጠሉ። ካፒቴኑ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ቀበቷቸውን ይያዝ ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ካሰች ወንበራቸውን ጨብጠው ጸሎት ላይ ናቸው። የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ክፍሌ በቀኝ፣ ገብረየስ በግራ ሆነው የሊቀ ሽማግሌዎችን ቀበቶ ጨበጡ። በመካከላቸው ያ ግራጫ ካፖርት ይቃትታል።

«ለቅሶ ያልመጣሁት» አለ ገብረየስ።

«ለማን ነው የምትናገረው? ሽማግሌው እንደሆኑ አይሰሙህም።»

«ላንተ ነው።» ቀበቶውን በሌላው እጁ ለወጠ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ሉሊት የት ትሄድ ነበር?»

«ኦቨርታይም።»

«ሆስፒታል ነበር። የምወስዳት እኔ ነኝ። ስምንት ወር።»

ገብረየስ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ ቀጠለ። ሉሊት ራሴ እነግረዋለሁ ብላ አስምላው እንደነበር፣ በየሳምንቱ ለሚቀጥለው እያለች እንደገፋችው፣ ሳትነግረው እንደሄደች ነገረው። በሞተች በሦስተኛው ቀን ታክሲውን ከክፍሌ ቤት በታች አቁሞ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበር የክፍሌ ድምፅ እስከ ታች ይሰማል፤ ምንም ሳትታመም፣ እንዲሁ በድንገት እያለ ያለቅሳል።

«ገብቼ ምን ልበልህ?» አለ። «አብሬህ ተቀምጬ በድንገት ልበል?»

ክፍሌ ለአራት ዓመት ያጠራቀመው ቁጣ መጣ፤ ግን መንገድ ሳተ። ያወቀውን ሰው ይጥላ፣ የደበቀችውን ሚስቱን፣ ወይስ ስምንት ወር ከአጠገቡ እየከሳች ያላየውን ራሱን? ደብቆ ማቆየትን እንደ ፍቅር የምንቆጥር ሕዝብ ነን፤ ራሱስ ለእናቱ የወንድሙን ሞት ሁለት ዓመት ደብቆ አልነበረም?

«ለምን አለችህ?» አለ በመጨረሻ። «ለምን ከእኔ?»

ገብረየስ አመነታ። «ልንገርህ? ‹ክፍሌ ከሰማ ስለ ሞት ምንነት ሲያብራራልኝ ይውላል፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለኝም› ነው ያለችኝ።»

ክፍሌ ሳቀ። ሉሊትን ሰማት፤ ቃሏ ነው፣ ድምጿ ነው፤ እንዲያ ብላ ጨርሳ ከንፈሯን ስትነክስ አያት። እየሳቀ አለቀሰ፤ ገብረየስም ተከተለው፤ ጋሽ ዋቅጅራ በመካከላቸው እየተንገጫገጩ ምን እየሆነ እንዳለ አላወቁም። በዚያው ቅጽበት የክፍሌ ዘንግ ጎበጠ። ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ ካፒቴኑ ሮጦ ዓሣውን አወጣው፤ ለካው፤ በጣት ስፋት አጠረ፤ ወደ ባሕሩ መለሰው። ፍልስፍና የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት ነበረበት። አላለም። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ወደ ወደቡ ሲመለሱ ክፍሌ ወደ ካፒቴኑ ቀርቦ ስለ ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቀ፤ ባሕር ለምደው አያውቁም አለ። ካፒቴኑ ገመዱን እያሰረ ሳቀ። ዛሬስ ደህና ናቸው፣ በሚያዝያ ነው መታየት የነበረባቸው አለው። ብቻቸውን መጥተው አራቱን ሰዓት ወለሉ ላይ ተኝተው ነው የጨረሱት። ሁለተኛ እንዳይመጡ ቢመክራቸው፣ እንደተኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ ሰው እዚህ ላይ ከወጣ በኋላ መውረድ የሚችልበት መንገድ አለ ወይ? የለም ሲላቸው፣ በዚያው ለግንቦት ቦታ አስያዙ።

ክፍሌ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ዋቅጅራ መሬት ላይ፣ በተገለበጠ የበረዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ካሰች ዝንጅብል ያለበት ለስላሳ ያጠጧቸዋል። ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ በባሕር መካከል አስቀምጬ አንድ ቃል ሳልናገር መለስኳቸው፣ ካሁን በኋላ ሽማግሌ ብላችሁ አትጥሩኝ ይላሉ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ተሸንፈው ማንም አይቷቸው አያውቅም።

ክፍሌ ገብረየስን በክርኑ ነካ አደረገው። አልተነጋገሩም፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ወዳጅነት ንግግር አያስፈልግም። ገብረየስ ሦስት እርምጃ ራቀና ጀርባውን ሰጠ። ክፍሌ ፊቱን አጨፈገገ።

«ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አልገባም» አለ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ጠርሙሱን ለወይዘሮ ካሰች መለሱ። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና በሁለቱ መካከል ቆሙ፤ ድምፃቸው መጀመሪያ ሰለለ፣ ቆይቶ ግን ተገኘ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ሌሎች ዓሣ አጥማጆች ዘንግ እንደያዙ ቆመው ሰሟቸው። ገብረየስ ገና በመጀመሪያው ልመና እሺ ሊል ሲል ክፍሌ አፍጥጦ ከለከለው። በሁለተኛው ልመና ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ክፍሌ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። በሦስተኛው ካፖርታቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ያዙ፤ ክፍሌ አሁንም ሳቁ እንዳያመልጠው ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ከዓይናቸው አሽሽቶ፣ «አልታረቅም» አለ። የጋሽ ዋቅጅራ ፊት ደም መለሰ።